ጀግናህን ስለ ደበቅህብን

ይድረስ ለ«ሕያው ጥላ»፤

የደብዳቤ ወግ ነውና በቅድሚያ ጤናህን ልጠይቅ ብዬ ተውሁት። ከእንጨት ብስባሽ በተሠራ ርካሽ ወረቀት ላይ የታተመ ልብ ወለድ ጤና ምን ይጠየቃል! ዐሥር ሳንቲም ተተምኖልህ፣ ተነብበህ እንድትጣል ነበር የወጣኸው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1931 ታተምህ፤ ይኸው እስከ ዛሬ የሚያነብብህ አልጠፋም።

ከአንተ አስቀድሜ የማመሰግነው ገና ሳትጻፍ የፈለጉህን ሰዎች ነው። አሳታሚህ፣ የአሜሪካው ስትሪት ኤንድ ስሚዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ክረምት የመርማሪ ታሪክ መጽሔቱን ለማሻሻጥ ታሪኮቹን በራዲዮ ማስተረክ ጀመረ። ተራኪው ራሱን «ጥላው» ብሎ የሚጠራ፣ አስፈሪ ድምፅ ያለው ሰው ነበር። አድማጩ ታሪኩን ትቶ ተራኪውን ወደደና ጋዜጣ ሻጮቹን «ያንን የጥላውን መጽሔት ስጡኝ» እያለ ያስቸግር ጀመር። እንዲህ ያለ መጽሔት በምድር ላይ አልነበረም። አሳታሚው ግን ነጋዴ ነው፤ ገበያው ቀድሞ ከመጣ ዕቃው ይደረስበታል ብሎ ደራሲ ፍለጋ ወጣ።

የተገኘው ዋልተር ጊብሰን ነው፤ የፊላዴልፊያ ጋዜጠኛ፣ የምትሃት ጥበብ አዋቂ። ለሁዲኒና ለሌሎች ስመ ጥር ምትሃተኞች በስማቸው ሲጽፍላቸው የኖረ ሰው ነው። አንተንም የጻፈህ ማክስዌል ግራንት በሚል የብዕር ስም ነበር፤ ስሙን ያወጣው የምትሃት ዕቃ ከሚነግዱ ሁለት ሰዎች ስም ቆርጦ በመቀጠል ነው። እንግዲህ ጀግናህን መደበቅ ያወቀበት ሰው ራሱም ተደብቆ መሥራት የለመደ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልምጣ። በታሪክህ መጀመሪያ፣ ጭጋግ በሸፈነው ድልድይ ላይ ሃሪ ቪንሰንት የሚባል ተስፋ የቆረጠ ወጣት ሕይወቱን ሊያጠፋ ቆሟል። ከጨለማው የወጣ እጅ ትከሻውን ይዞ ይመልሰዋል። እጅ ብቻ፤ ፊት የለም። ከዚያም ባለእጁ ሕይወትህ ከእንግዲህ የእኔ ናት፣ ጠቃሚ አደርጋታለሁ፣ ነገር ግን ለአደጋም አጋልጣታለሁ ይለዋል። ልብ በል፣ ያዳነው ሰው አላጽናናውም፤ ሥራ ሰጠው። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሚሊዮኖችን ከሥራ ባፈናቀለበት በዚያ ዘመን ይህን ገጽ የገለጠ አንባቢ የጥላውን ጥይት ሳይሆን የቪንሰንትን ደመወዝ የተመኘ ይመስለኛል። (እኔ ብሆን ሳልመኝ አልቀርም።)

ከዚያች ሌሊት በኋላ የምናየውን ሁሉ የምናየው በዚህ ግራ በገባው ልጅ ዓይን ነው። ትእዛዝ ይደርሰዋል፤ ከማን እንደመጣ አይነገረውም። የደብዳቤው ቀለም ከተነበበ በኋላ ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። ጥላው በሰፊ ባርኔጣና በጥቁር ካባ ተሸፍኖ ብቅ ይልና መልሶ ይሰወራል፤ በመካከሉ የምንሰማው ሳቁን ነው። ምትሃተኛ ተመልካቹን በአንድ እጁ ሲያባብል ሥራውን በሌላው እጁ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ጊብሰንም ቪንሰንትን ከፊታችን አቁሞ ጥላውን ከጀርባችን አሳለፈው። ሌላ ደራሲ ቢሆን በመጀመሪያው ምዕራፍ የጀግናውን የዘር ሐረግ፣ የትምህርት ደረጃና የበቀል ምክንያት ዘርዝሮ በጨረሰልን ነበር። አንተ ከለከልኸን፤ ልብ የሚያንጠለጥለው ይህ ንፍገትህ ነው።

ምስጋና ነው ብዬ ግን እንከንህን አልሸፍንም። በቻይናውያኑ ሰፈር ወዳለው የዋንግ ፉ የሻይ መደብር የምታስገባን ታሪኩ ስላስገደደህ አይደለም። አሳታሚው ለአዲስ የሽፋን ሥዕል ገንዘብ ማውጣት ስላልፈለገ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ለሌላ መጽሔት የተሣለ የአንድ ቻይናዊና የጥላ ሥዕል ከመጋዘን አወጣ፤ ጊብሰንም ከሥዕሉ ጋር የሚሄድ ትዕይንት መጻፍ ነበረበት። መሠሪ ቻይናዊ መሣል ደግሞ የዘመኑ መጽሔቶች ሁሉ የሰነፍ ልማድ ነበር፤ አንተም አላመለጥኸውም። ያም ሆኖ ቪንሰንት እዚያ ቤት ተይዞ ሊገደል ሲል ትንፋሼን ያዝሁ። እንዲህ ያለ ነገር ቅር እያለም ይነበባል።

ከአንተ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገርህ። እስከ እ.ኤ.አ. 1949 ድረስ 325 ታሪኮች ወጡ፤ 282ቱ የጊብሰን ናቸው። ከታናናሾችህ አንዱ፣ ቴዎዶር ቲንስሊ የጻፈው የ1936ቱ ታሪክ፣ ለመጀመሪያው የባትማን ታሪክ መነሻ ሆነ። ራዲዮውም በ1937 በተዋናዩ ኦርሰን ዌልስ ድምፅ ተመልሶ መጣ፤ በዚህኛው ግን ጥላው የሰውን አእምሮ እያደነዘዘ የማይታይ ሆነ። እኔ ያንተውን እመርጣለሁ። ያንተ ጥላ የሚሰወረው በጭጋግ፣ በጥቁር ልብስና ሰው ወደ ጨለማ ማየት ስለማይወድ ነው፤ ይህ ደግሞ ሙያ ይጠይቃል።

ቪንሰንት እስከ መጨረሻው ገጽህ ድረስ አለቃው ማን እንደሆነ አያውቅም። ያኔ በየሦስት ወሩ ትወጣ ነበርና አንባቢ ተከታዩን «የጥላው ዓይኖች»ን እስከ ክረምት መጠበቅ ነበረበት። እዚያም አልነገራችሁትም። የጥላው እውነተኛ ስም ኬንት አላርድ መሆኑ የተገለጠው በ1937 ነው፤ አንባቢው ስድስት ዓመት ሙሉ ዐሥር ሳንቲሙን እየከፈለ ጠበቀ።

አክባሪ አንባቢህ