ጫጫ ላይ ወራጅ አለ!

ባለፈው ወር አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ ነበር። (ስሙን አልጠራም፤ ያልቀጠረኝን ሁሉ በስም እየጠራሁ ብጽፍ ቦታው አይበቃኝም።) ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛው ማዶ ተደርድረዋል። መሀል የተቀመጠው ሰውዬ፣ እንድፍታታ ብሎ ይመስለኛል፣ «የየት ልጅ ነሽ?» አለኝ።

«የደብረ ብርሃን» አልኩ፤ እንደ ልማዴ፣ ሳላስበው።

ከጎኑ ያለችው ሴትዮ ፋይሌን ገለጥ አድርጋ፣ «እዚህ ላይ የትውልድ ቦታ የሚለው ጫጫ ነው» አለች።

ዝም አልኩ። ከዚያ «ያው… ጎረቤት ናቸው» ብዬ ላስተካክል ሞከርኩ። ሦስቱም ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም፤ እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። እስቲ አስቡት፣ ለጋዜጠኝነት ሥራ ተወዳድሬ የመጀመሪያዋን ጥያቄ በውሸት መለስኩ!

*

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ከላምበረት መናኸሪያ ተነሥታችሁ ሰንዳፋን፣ አሌልቱን፣ ሸኖን አልፋችሁ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ በመስኮት የምታዩዋት ከተማ ጫጫ ናት። «በመስኮት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቃት እንደዚያ ነው። ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ ተሳፋሪው ሻንጣውን በዓይኑ መፈለግ ሲጀምር፣ እሷ በግራና በቀኝ ውልብ ብላ ታልፋለች።

ሸኖ ቅቤ አላት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የቢራ ፋብሪካ አላት፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ስሟን ያስጠራ የብርድ ልብስ ፋብሪካ አላት። ጫጫ ምን አላት? ብርድ! ብርዱ እኛ ጋ፣ ብርድ ልብሱ ደብረ ብርሃን።

ስሟም አላገዛትም። ካምፓስ የገባሁ ሰሞን የየት እንደሆንኩ የጠየቀኝ ሁሉ «ጫጫ? እንደ ጫጫታ?» እያለ ይስቅ ነበር። ጫጫታ ቢኖርማ ምን ነበረበት! ማታ ማታ የጭነት መኪና ካላለፈ በቀር ከውሻ ጩኸት ሌላ ምንም የማይሰማባት ከተማ ናት። ሁለተኛ ዓመት ላይ ማስረዳቱ ሰለቸኝና «ደብረ ብርሃን» ማለት ጀመርኩ። ሃያ ኪሎ ሜትር ብቻ የምትረዝም ውሸት! ማንን ትጎዳለች?

*

እማዬ መንገድ ዳር ትንሽ ሻይ ቤት አላት። ያደግኩት ለሹፌሮችና ለረዳቶች ሻይ ሳመላልስ ነው። «ከየት ነው የመጣችሁት?» እላቸዋለሁ። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ ይሉኛል። «እዚያስ ምን አለ?» እላለሁ። ካምፓስ አራት ዓመት ከተማርኩት ይልቅ ጋዜጠኝነት የገባኝ እዚያች ቤት ይመስለኛል። አንድም ቀን ግን ከሹፌሮቹ አንዱ «እዚህስ ምን አለ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

እማዬ ስታመርቀኝ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ያልፍልሽ!»

ስለዚህ ቃል ሰሞኑን ብዙ አሰብኩ። የተሳካለትን ሰው «አለፈለት» እንላለን። ፈተና ላይ የቀናውን «አለፈ» እንላለን። መኪናም ከተማን «ያልፋል»። (የሞተውንም «አለፈ» እንላለን፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።) የጫጫ ልጅ ሆኖ ላደገ ሰው እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው። ፈተና ታልፋለህ፣ ከዚያ አውቶብስ ተሳፍረህ ከተማዋን ታልፋለህ፣ ከዚያ ያልፍልሃል። ምኞት ብለው ያስተማሩን በሙሉ መሄድ ነው። አዲስ አበባ መሄድ፣ አረብ አገር መሄድ፣ ሌላም ካለ ሌላ ቦታ መሄድ። በሰፈሬ ከኔ ጋር ያደጉ ሴቶች ግማሾቹ ዛሬ የሰው ቤት እያጸዱ ገንዘብ የሚልኩት ከባሕር ማዶ ነው። አልፈርድባቸውም፤ እንዲያውም ከኔ በተሻለ እናቶቻቸውን የሚረዱት እነሱ ናቸው።

ግን የሚያልፍ ካለ የሚታለፍም አለ።

ታናሽ ወንድሜ በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት አንዱ ነው። ያን ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ሦስት! ወንድሜ ከዘጠና ሰባቱ ጋር ቀረ። አሁን ጠዋት ጠዋት እማዬን ያግዛል፣ ከሰዓት ያገኘውን ይሠራል። በእኛ መዝገበ ቃላት «ያላለፈ» ነው።

የቃለ መጠይቁን ታሪክ በስልክ የነገርኳቸው ለሳቅ ብዬ ነበር። እማዬ ሳቀችልኝ። ወንድሜ ግን ስልኩን ተቀብሎ ትንሽ ዝም አለና፣ «እታለም» አለኝ፣ «አንቺ የደብረ ብርሃን ከሆንሽ እኔ የየት ነኝ?»

መልስ አልነበረኝም። እስከ ዛሬም በትክክል የለኝም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

*

እውነት ጫጫና አካባቢዋ የሚያሳፍር ታሪክ ኖሯቸው ነው እንዳንል፣ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ጫጫ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ነበረች። ሻለቃ ሃሪስ የሚባለው እንግሊዛዊ የአገሩን መልእክተኞች መርቶ መጥቶ፣ በ1834 ዓ.ም ኅዳር ላይ ከንጉሡ ጋር ውል የተፈራረመው እዚያው አንጎለላ ነው። አገሩ ሲመለስ ስላየው ሁሉ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ለንደን ውስጥ የወጣው በፈረንጆች 1844 ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር አንጎለላ ላይ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ኋላ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የተባለው።

እንግዲህ እዩት፤ ለአጭር ጊዜ የመጣ እንግዳ ስለ ሰፈራችን ሦስት ቅጽ ጻፈ። እዚያው ተወልጄ ያደግኩ፣ በዚያ ላይ መጻፍ ሙያዬ የሆነ እኔ፣ አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ስሟን እንኳ ደበቅኩ።

ሌላም ሰው ልጥቀስ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተወለዱት ጎረቤታችን ሲያደብር ነው። በልጅነታቸው ከአገር ወጡ፤ ሐረር አደጉ፣ ከዓድዋ በኋላ ሩሲያ ተወስደው ተማሩ፣ ተመልሰው የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ቴአትር ጻፉ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ከእሳቸው በላይ ያለፈለት ማን አለ? እሳቸው ግን የራሳቸውን ሕይወት ቁጭ ብለው ጻፉ፤ ካረፉ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ «ኦቶባዮግራፊ» በሚል ታተመ። እኔን ያስቀናኝ ሹመታቸው አይደለም። ያን ያህል ርቆ የሄደ ሰው ስለ ልጅነቱም ለመጻፍ ጊዜ ማግኘቱ ነው።

*

አሁን «ሁላችሁም ወደየመጣችሁበት ተመለሱ» ልትለን ነው እንዳትሉ። አልልም። ወጣቱ አገሩ ገብቶ ምን ይሥራ? እኔስ ብመለስ የት ጋዜጣ ላይ ልጽፍ ነው? ሥራ የለም፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት የተነሣ ለበዓል ልሂድ ባልኩ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው የትራንስፖርቱን ዋጋ ሳይሆን «መንገዱ ሰላም ነው?» ብዬ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ «ገጠር ደስ ይላል» የሚል ግጥም አልጽፍም። ደስ የሚለው ለጎብኚ ነው።

የምለው ሌላ ነው። እንሂድ፤ ግን ከየት እንደመጣን አንዋሽ። ውሸቷ ትንሽ ብትመስልም ዋጋዋን የሚከፍሉት ከኋላ የቀሩት ናቸው። እስቲ ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ያለነው የጋዜጠኝነት ምሩቃን ስንቶቻችን ነን ከትናንሽ ከተሞች የመጣነው? ሁላችንም የቅርቡን ትልቅ ከተማ ስም ከተዋስን፣ ስለ ትናንሾቹ ማን ይጠይቅ? ለዚህ እኮ ነው ጫጫ ዜና ላይ የምትሰማው መኪና ሲገለበጥ ወይም መንገድ ሲዘጋ ብቻ የሆነው። እዚያ የቀረው ወንድሜ ምን እያሰበ እንደሚውል፣ እማዬ ስኳር ሲወደድ ሻዩን በስንት እንደምትሸጥ፣ ይኼ ዜና አይባልም። ስሙን የሚጠራው ልጅ የሌለው ከተማ፣ ውኃ ሲጠፋበት የሚጮህለትም አይኖረው።

ሥራውን አላገኘሁም። (በጫጫ ምክንያት አይደለም መሰለኝ።) በቀደም ሌላ ቦታ ማመልከቻ አስገባሁ። ለጋዜጠኛነት የሚያመለክት ሰው የሥራ ናሙና አያይዝ ስለሚል፣ ይህንኑ ጽሑፍ ላያይዘው አስቤያለሁ። ምኞቴም ከእንግዲህ እንዲህ ነው፦ የማልፍ ብቻ ሳልሆን የምጠይቅ መሆን። «እዚህስ ምን አለ?» ማለት።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከላምበረት የሚነሡት መኪኖች «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን!» ነው የሚሉት። ብዙ ጊዜ የደብረ ብርሃንን ሂሳብ ከፍዬ ነው ጫጫ የምወርደው። በፊት በፊት መውረጃዬ ሲደርስ ለረዳቱ በቀስታ፣ ማንም እንዳይሰማ አድርጌ ነበር የምነግረው። አንዳንዴም ሳይሰማኝ አሳልፎኝ ይሄዳል።

መንገዱ ሰላም ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ግን ከኋላ ወንበር ሆኜ፣ መኪናው ሙሉ እስኪሰማ፣ እጮሃለሁ፦

«ጫጫ ላይ ወራጅ አለ!»