የታሸገ ጨዋታ

እቤቴ የሚመጣ እንግዳ ከመደርደሪያዬ ፊት ሲደርስ ከሁለት ጥያቄዎች አንዱን ሳይጠይቀኝ አያልፍም። አንዱ «የልጆችህ ነው?» ይለኛል። ሌላው ደግሞ ካሴቶቹን በዓይኑ እየቆጠረ «ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ስንት ያወጣል?» ይለኛል። የድሮ የቪዲዮ ጨዋታዎችን መሰብሰብ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ «እስቲ አንዱን ክፈተውና እንጫወት» ያለኝን ሰው ቁጠር ብባል የአንድ እጄ ጣቶች ይተርፉኛል።

ይህን የምጽፈው ከሁለቱ ጠያቂዎች ጋር ለመሟገት ነው። አንዱ ይንቃል፤ ሌላው ይተምናል። ላይ ላዩን ሲታዩ ተቃራኒዎች ይመስላሉ። እኔ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው እላለሁ፤ ሁለቱም ዕቃውን እንጂ ሥራውን አላዩትምና። ከሁለቱ የባሰው የትኛው ነው ብትሉኝ ተማኙ ነው። ለምን እንደሆነ በቦታው እመጣበታለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከናቂው እንጀምር። ናቂው «ለትልቅ ሰው ምን ይረባል?» ባይ ነው። ራሱ ግን ሃያ ሁለት ሰዎች አንዲት ኳስ ሲያሳድዱ ለማየት ሁለት ሰዓት ሙሉ ካፌ ውስጥ ሲጮህ አያፍርም። ካርታ ሲጫወት አያፍርም። ዳማ ሲጫወትማ ጭራሽ ጠቢብ ይሆናል። ጨዋታ ነውር የሚሆነው በቴሌቪዥን ሲመጣ ብቻ ነው ማለት ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ኒንቴንዶ በ1985 ያወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ከነሥዕሉ፣ ከነዜማው፣ ከነመንገዱ በ40 ኪሎ ባይት ውስጥ ያደረ ሥራ ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምትላላኩት አንድ የሠርግ ፎቶግራፍ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሠሪዎቹ ቦታ ስለጠበባቸው ደመናውንና ቁጥቋጦውን በአንድ ቅርጽ ሠሩት። ነጭ ሲቀቡት ደመና ሆነ፤ አረንጓዴ ሲቀቡት ቁጥቋጦ። ማሪዮ ራሱ በ1981 መጀመሪያ ሲሳል ጢም ያበቀለው በእነዚያ ጥቂት ነጥቦች አፍና አፍንጫን ለይቶ ማሳየት ስላስቸገረ ነው። ባርኔጣ የደፋውም ጸጉሩን መሳል ስለከበደ ነው። ዜማውን የደረሰው ኮጂ ኮንዶ የነበረው መሣሪያ አምስት የድምፅ መስመሮች ብቻ ነበሩት። በዚያ ድሃ መሣሪያ የሠራት ዜማ በ2023 በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብሔራዊ የድምፅ መዝገብ ውስጥ ገባች። «የልጆች» የተባለችው ዜማ መሆኗ ነው።

ይህን ለመረዳት የእኛን አገር ሰው የሚቀድመው ባልነበረ ነበር። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። በሁለት ቤት ውስጥ ሰሙንም ወርቁንም ያሳደረውን ባለቅኔ «ምነው አሳጠርከው?» ብሎ የሚወቅስ የለም። እንዲያውም የምናደንቀው ስለጠበበበት ነው። ታዲያ በ40 ኪሎ ባይት አንድ ዓለም የሠራን ሰው «አሻንጉሊት ሠሪ» የምንለው በምን ሒሳብ ነው?

«ይሁን፣ ጨዋታው ጥበብ ነው እንበል፤ ግን ጣዕምህ ዝብርቅርቅ ነው» የሚሉኝም አሉ። በመደርደሪያዬ ላይ የጨዋታ፣ የሙዚቃና የፊልም ካሴቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ለሚያይ ሰው የሱቅ በደረቴ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አንድ ቤተሰብ ነው እላለሁ፤ የዘር ሐረጉንም መቁጠር እችላለሁ።

ጆን ቻውኒንግ የተባለ አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ በ1967 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ አንዱ የድምፅ ሞገድ ሌላውን እንዲያወዛውዘው በማድረግ ጨርሶ አዲስ ድምፅ መፍጠር እንደሚቻል ደረሰበት። የጃፓኑ ያማሃ የግኝቱን ፈቃድ ወስዶ በ1983 «ዲ ኤክስ 7» የተባለውን ኪቦርድ አወጣ። የዚያን ዘመን ዘፈኖች ያን ብርጭቆ በማንኪያ እንደተመታ የሚያንቃጭል ድምፅ የሰጣቸው በአብዛኛው እሱ ነው። በ1988 ሴጋ «ሜጋ ድራይቭ»ን ሲያወጣ (አሜሪካኖች «ጄነሲስ» ይሉታል) በዚያው ዘዴ የሚሠራ አንድ የያማሃ ቺፕ ከሆዱ ከተተበት። ዩዞ ኮሺሮ በ1991 ለ«ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ» የደረሰው የዳንስ ቤት ሙዚቃ የወጣው ከዚያ ቺፕ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ሆኖ «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀዳ አኮርዲዮኑን ያጀበው በምን ነበር? በሮድስ ፒያኖ፣ በሞግ ሲንተሳይዘርና በዚያው በያማሃ ዲ ኤክስ 7 ነበር። እንግዲህ ከኃይሉ ካሴት ተነሥቼ ወደ ሴጋ ጨዋታ ስሻገር ከሳሎን ወደ ጓዳ አለፍኩ እንጂ አገር አልለወጥኩም።

ፊልሙም እንዲሁ ነው። የሪድሊ ስኮትን «ኤሊየን» (1979) ያየ ሰው «ሜትሮይድ»ን (1986) ሲጫወት መተላለፊያዎቹን ያውቃቸዋል። ያው ጥበት፣ ያው ብቸኝነት፣ ያው ከፊት ለፊት ምን እንዳለ ያለማወቅ ጭንቀት ነው። ከብረት ልብሱ ውስጥ የምትወጣውም እንደዚያው ሴት ናት። ሂዴዎ ኮጂማ በ1988 ያወጣው «ስናቸር» ደግሞ ከ«ብሌድ ራነር» (1982) ማኅፀን የወጣ ነው። ያንን ፊልም በሙዚቃ ያለበሰው ቫንጌሊስ ዋና መሣሪያው ምን ነበር ቢሉ፣ ሌላው የያማሃ ልጅ «ሲ ኤስ 80» ነበር። ታዲያ ዝብርቅርቁ የቱ ላይ ነው?

ያረጀ ሁሉ ወርቅ ነው እያልኩ ግን አይደለም። እንደዚያ የሚል ሰብሳቢ ጣዕም የለውም፤ ያለው ናፍቆት ብቻ ነው። መጥፎ ጨዋታ ሃምሳ ዓመት ቢቆይም ያው መጥፎ ጨዋታ ነው። አታሪ በ1982 ከስፒልበርግ ፊልም «ኢ.ቲ.»ን ወደ ጨዋታ ለመለወጥ ሲነሣ፣ ለገና ገበያ ይድረስ ተብሎ ለሠሪው የተሰጠው አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። በአምስት ሳምንት ምን ይሠራል? ተጫዋቹ ጉድጓድ ውስጥ እየወደቀ፣ እየወጣ፣ ተመልሶ እየወደቀ ይውላል። በ1983 ኩባንያው ያልተሸጡና የተመለሱ ካሴቶቹን በጭነት መኪና አስጭኖ ኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበራቸው። «ኢ.ቲ.»ም አብሮ ተቀበረ። በ2014 ሰዎች ቆፍረው አወጡት። ከተማዋም ከቆሻሻው ከወጡት ካሴቶች 880 ያህሉን ሸጣ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ አገኘች። ሲቀበር ሳንቲም የማያወጣው ሲቆፈር ሀብት ሆነ። በመካከሉ ምንም ያልተለወጠው አንድ ነገር ቢኖር ጨዋታው ነው።

እነሆ ወደ ሁለተኛው ጠያቂዬ፣ ወደ ተማኙ ደረስኩ።

በጁላይ 2021 አሜሪካ ውስጥ አንድ «ሱፐር ማሪዮ 64» በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ይህ ጨዋታ በ1996 የወጣና በዓለም ዙሪያ ከ11 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ነው። ብርቅ አይደለም። ያገለገለውን በጥቂት አሥር ዶላሮች መግዛት ይቻላል። ታዲያ ገዢው አንድ ሚሊዮን ተኩሉን የከፈለው ለምኑ ነው? ለላስቲኩ ነው! ካርቶኑን ለሸፈነችው፣ ማንም ላልቀደዳት ስስ ላስቲክ። ዕቃው ከጨረታው በፊት ደረጃ አውጪ ኩባንያ ዘንድ ይሄዳል፤ እዚያ እንደ ተማሪ ነጥብ ይሰጠውና በወፍራም ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል። ከዚያ በኋላ አንድ ልጅ ከፍቶ ቢጫወትበት ሚሊዮኑ በነነ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ የዚህ ዕቃ ዋጋ ሙሉ በሙሉ የቆመው ማንም እንዳይጫወትበት በመከልከል ላይ ነው። አታሪ የማይረባውን በአሸዋ ቀበረ፤ እነዚህ ደግሞ ድንቁን በፕላስቲክ ይቀብራሉ። ናቂው ቢያንስ ዕቃውን ለልጅ ይሰጠዋል፤ ልጁም ይጫወትበታል። ተማኙ የባሰ ነው ያልኩት ስለዚህ ነው።

ይህን የምናገረው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ያልተከፈተ «ፋንታሲ ስታር 4» አምጥቶልኝ ነበር፤ በ1995 እዚያ የተሸጠው የሴጋ ጨዋታ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልከፍተው አስቀመጥኩት። ለምን ቢሉ፣ ዋጋው እየጨመረ ነው ሲባል ሰምቼ ነዋ! አቧራውን እጠርጋለሁ፤ ለእንግዳ አሳያለሁ፤ «እንዳትነካው» እላለሁ። አንድ ቀን የወንድሜ ልጅ «አጎቴ፣ ጥሩ ጨዋታ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ። ዋጋውን እንጂ ጨዋታውን አላውቀውም ነበር።

በዚያው ምሽት ላስቲኩን ቀደድኩት። ያን ጊዜ ነው ጉዴ የወጣው። እንዲህ ዓይነት ካሴት ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ የሚያስታውሰው በውስጡ ባለች የሳንቲም መጠን ባትሪ ነው። ባትሪዋ እዚያው በታሸገችበት ሞታ ቆየችኝ። ላስቲኩ አቧራን ይከለክላል እንጂ ዘመንን አይከለክልም። የሰፈራችን የሞባይል ጠጋኝ አሮጌውን ባትሪ ነቅሎ አዲስ በየደልኝ። ከወንድሜ ልጅ ጋር ሁለት ወር ተጫወትነው፤ ሙዚቃውን አሁንም እያፏጨ ይሄዳል። ካሴቱ ዛሬ በገበያ የሚያወጣው ድሮ ከሚያወጣው እጅግ ያነሰ ነው። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ የእኔ መደርደሪያ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጽሔቱን ገጽ ባላጣበብኩ። በ2023 የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ቆየት ያሉ ጨዋታዎች መካከል 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኝም። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ኒንቴንዶ የሁለት ማጫወቻዎቹን የኢንተርኔት ሱቆች ዘጋ፤ እዚያ ብቻ ይሸጡ የነበሩ ጨዋታዎች ገበያቸው አብሮ ተዘጋ። በኦክቶበር 2024 ደግሞ የአሜሪካ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት ከገበያ የወጡ ጨዋታዎችን ለተመራማሪዎች ከሩቅ ሆነው እንዲያዩአቸው ለማድረግ ያቀረቡትን ጥያቄ ሳይቀበለው ቀረ። የኢንዱስትሪው ክርክር «ሰዎች ጥናት ብለው ገብተው ይዝናኑበታል» የሚል ነበር። ጨዋታ በመጫወት መዝናናት ወንጀል ከሆነ ሥራው መጀመሪያ ለምን ተሠራ?

«ታዲያ ሌብነት ይፈቀድ ነው የምትለው?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልልም። የዘፋኞቻችን ካሴት እየተባዛ ባለሙያው ባዶ እጁን ሲቀር ያየ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። በ2004 የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ሲወጣ ደስ ካላቸው አንዱ እኔ ነኝ። የሚሸጠውን እንግዛ። ባለቤቱ መሸጥ የተወውን ግን ቤተ መጻሕፍት ያውስ። ራሱም አይሸጥም፣ ሌላውም እንዳያውስ ይከለክላል ከሆነ ይህ መብት ማስከበር ሳይሆን መቅበር ነው።

ክፍት ሆኖ የመገኘትን ዋጋ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ያ የኃይሉ መርጊያ ካሴት በ2013 ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ አሳታሚ እጅ ገባ። ሰውየው ገዛው፤ ከፍቶ ሰማው። ባለቤቱን ሲያፈላልግ ኃይሉን ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ አገኘው። ካሴቱ እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ያ ካሴት ነጥብ ተሰጥቶት በፕላስቲክ ታሽጎ በአንድ ሀብታም ካዝና ውስጥ ቢሆን ኖሮስ? ዋጋው ይጨምር ነበር። ኃይሉ ግን ታክሲውን ይነዳ ነበር።

ስለዚህ ከአልጋችሁ ሥር፣ ከቁም ሳጥናችሁ በላይ ካርቶን ያላችሁ ሁሉ፣ አውርዱት። የዘፈን ካሴትም ይሁን የፊልም፣ የአታሪም ይሁን የሴጋ፣ እስካሁን የሚሠራ መሆኑን እዩት። ለልጅ አሳዩት። የሚሰበር ከሆነ በአገልግሎት ይሰበር።

ወደ እቤቴም የምትመጡ ኑ። በእኛ ወግ እንግዳ ገብቶ ሲቀመጥ «ተጫወት» ይባላል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ጆይስቲክ ተሰክቷል።