ከግራፍ የተቀዳ ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ብዙ ጊዜ አንድ ችግር ይገጥመዋል። የሚፈልገው የሌላ ተመራማሪ ውጤት በመጽሔት ታትሟል፤ ነገር ግን የታተመው ግራፉ እንጂ የቁጥሮቹ ሠንጠረዥ አይደለም። እኛ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ በግራፉ ላይ ማስመሪያ አሳርፈን፣ በእርሳስ እያሰመርን ነጥቦቹን አንድ በአንድ እናነብ ነበር። ዛሬ ይህን ሥራ የሚያቃልሉ ሶፍትዌሮች አሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱን አነጻጽረን፣ ከምርጫው ይበልጣል የምንለውን ጉዳይ እናነሳለን።

የሶፍትዌሮቹ አሠራር በመሠረቱ አንድ ነው። የግራፉ ምስል በኮምፒውተር ይከፈታል። ተጠቃሚው በአግድሙና በቋሚው ዘንግ ላይ ዋጋቸው የታወቀ ነጥቦችን ጠቁሞ ዋጋቸውን ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩ የቀሩትን ነጥቦች ከምስሉ ፒክስል ወደ ዘንጎቹ መለኪያ ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዌብፕሎትዲጂታይዘር በኢንተርኔት ብራውዘር ውስጥ ስለሚሠራ መጫን አያስፈልገውም፤ ነጥቦችንም በቀለማቸው ለይቶ ይለቅማል። ኤንጌጅ ዲጂታይዘር ደግሞ በኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነጻ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ የተሳለን ኩርባ መስመር ተከትሎም ነጥቦችን ያወጣል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠራ ተማሪ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ሶፍትዌር ሳይጭን ጥቂት ነጥቦችን ብቻ ለሚያነብ ግን የመጀመሪያው ይቀለዋል።

ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚያዩት ምስሉን ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል ኤድዊን ሀብል እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመውን ዝነኛ ጽሑፍ እንመልከት። ሀብል የ24 ጋላክሲዎችን ርቀትና ፍጥነት በሠንጠረዥም በግራፍም ስላቀረበ፣ ከግራፉ የቀዳነውን ርቀት ከሠንጠረዡ ጋር ማመሳከር እንችላለን። አግድሙ ዘንግ እስከ 2 ሚሊዮን ፓርሴክ ይደርሳል፤ አንድ ፓርሴክ 3.26 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ይህ ርቀት በምስሉ ላይ 600 ፒክስል ቢይዝ፣ አንዱ ፒክስል ከ3 ሺህ ፓርሴክ በላይ ይወክላል። ሠንጠረዡ 0.9 ሚሊዮን ያለውን ሶፍትዌሩ 0.90217 ሊለው ይችላል። ከ0.9 በኋላ የተደረደሩት አኃዞች ከሰማይ የተለኩ አይደሉም፤ ከጠቋሚው ቀስት የመጡ ናቸው።

ፍጥነቱን ስናመሳክር ሌላ ነገር እንማራለን። ግራፉ ላይ ያለው ፍጥነት የፀሐይ እንቅስቃሴ ታርሞለት የተሳለ በመሆኑ ከሠንጠረዡ ጋር አይገጥምም። ይህን የሚነግረን ከግራፉ ሥር ያለው መግለጫ እንጂ ሶፍትዌሩ አይደለም። በቋሚው ዘንግ ላይም የፍጥነቱ መለኪያ «ኪሎሜትር» ብቻ ተብሎ ታትሟል፤ «በሴኮንድ» የሚለው ቀርቷል። ከሁሉም በላይ፣ ሀብል የተጠቀመባቸው ርቀቶች እጅግ ያነሱ ስለነበሩ፣ ለእያንዳንዱ ሚሊዮን ፓርሴክ 500 ኪሎሜትር በሴኮንድ ያህል ፍጥነት አግኝቷል። የዛሬው ዋጋ ወደ 70 ይጠጋል። ስለዚህ ግራፉን ያለ አንዳች እንከን ብንቀዳው እንኳ የምናገኘው ሰባት እጥፍ የተጋነነ ዋጋ ነው። በትክክል መቅዳትና በትክክል መለካት ለየቅል ናቸው።

የሎጋሪዝም ዘንግ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። በ1 እና በ10 መካከል እኩል ላይ ያለው ነጥብ ዋጋው 3.16 ነው፤ ዘንጉ ተራ ነው ብለን ሶፍትዌሩን ካዘዝነው ግን 5.5 ብሎ ያነብልናል። እኛም በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር ይህንኑ ስህተት ፈጽመን፣ ጥፋቱን ከንድፈ ሐሳቡ ውስጥ ስንፈልግ ሁለት ሳምንት አባክነናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ለጽሑፉ ባለቤት ደብዳቤ ጽፎ ቁጥሮቹን መጠየቅ ይገባል፤ ብዙዎች በደስታ ይልካሉ። ካልተገኘ፣ ዘንጎቹን ካስተካከሉ በኋላ ዋጋው በሚታወቅ ሌላ ነጥብ መፈተን ያስፈልጋል። ያንኑ ነጥብ አምስት ጊዜ አንብቦ ልዩነቱን መመዝገብም የንባቡን ስህተት መጠን ያሳያል። በመጨረሻም ቁጥሩ ከየትኛው ግራፍ፣ በየትኛው ሶፍትዌር እንደተቀዳ በግልጽ መጻፍ ግዴታ ነው።

ይህን የምንለው ተማሪዎችን ለመውቀስ አይደለም። የተቀዳ ቁጥር እንደ ራስ ልኬት ተቆጥሮ ሲቀርብ፣ እኛ አማካሪዎችም ሳንጠይቅ ያሳለፍንበት ጊዜ አለ። የላቦራቶሪ መሣሪያ በሚያጥርበት አገር የሌላውን ውጤት በጥንቃቄ አንብቦ እንደገና መመርመር ራሱን የቻለ ምርምር ነው። ምርምርነቱ የሚከበረው ግን «ይህን ለካሁ» እና «ይህን ቀዳሁ» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለይተን ስንጽፍ ብቻ ነው።