ኮምፒዩተርም ክሊራንስ ያስፈልገዋል

አንድ ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ ክሊራንስ ሳያወጣ እንደማይሰናበት የታወቀ ነው። ንብረት ክፍሉም፥ ሒሳብ ክፍሉም «ከእርሱ የምንፈልገው የለም» ብለው ፈርመው ይሸኙታል። ኮምፒዩተሩ ግን ሲያረጅ ግምጃ ቤት ይገባል፥ አለዚያም በጨረታ ይሸጣል፤ ስሙ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ እንደ ሥራ ባልደረባ ተጽፎ ይቀራል።

«ካልነኩት ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። እኛ ግን ይጎዳል እንላለን። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ባወጣው በአክቲቭ ዳይሬክተሪ በሚተዳደር መረብ ውስጥ፥ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር እንደ ሰው ሁሉ የራሱ ስምና የራሱ የይለፍ ቃል አለው። ቃሉን በተለመደው አሠራር በየ30 ቀኑ የሚለውጠው ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው እንጂ፥ ሰርቨሩ ጊዜው አልፏል ብሎ አይሽርበትም። ስለዚህ ስድስት ወር ግምጃ ቤት የተኛ ኮምፒዩተር፥ ስሙ እስካልታገደ ድረስ፥ ቃሉ አሁንም ይሠራል። ዲስኩ ሳይጸዳ ከተሸጠማ፥ የመሥሪያ ቤቱ ቁልፍ አብሮ ተሸጠ ማለት ነው።

በአንጻሩ ደግሞ «እንግዲያውስ ዛሬውኑ ጠራርገን እናጥፋ» የሚሉ አሉ። መሣሪያው በእጃቸው ነው። ዲኤስኪዌሪ የተባለው ትእዛዝ የሳምንታት ቁጥር ሲሰጠው፥ ያን ያህል ጊዜ ወደ መረቡ ያልገቡትን ኮምፒዩተሮች ይዘረዝራል፤ ዲኤስአርኤም የተባለው ደግሞ የተዘረዘሩትን ይሰርዛል። ሁለቱም በአንድ መስመር ይታዘዛሉ። ዲኤስአርኤም ከመሰረዙ በፊት መጠየቁ ደግ ነበር፤ ነገር ግን «አትጠይቀኝ» የሚል ቃል ሊጨመርበት ይችላል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፥ የጠፋ ሁሉ የሞተ አይደለም። ለረጅም የመስክ ሥራ የወጣ፥ የወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች ሠራተኛ ኮምፒዩተርም ከዝርዝሩ ይገባል። መሥሪያ ቤቱ ዲስኮቹን በቢትሎከር ቆልፎ የመክፈቻውን ቁጥር እዚያው መዝገብ ላይ የሚያኖር ከሆነ፥ ቁጥሩ የሚቀመጠው በኮምፒዩተሩ ስም ሥር ስለሆነ፥ ስሙ ሲሰረዝ አብሮ ይሄዳል። ያ ዲስክ አንድ ቀን የመክፈቻ ቁጥር ቢጠይቅ ማን ይመልስለታል? አክቲቭ ዳይሬክተሪ የተሰረዘውን መመለሻ ቅርጫት አለው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ላልከፈተው ሰው አይደርስለትም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ሥርዓቱ እንዲህ ቢሆን ይበጃል። መጀመሪያ ዝርዝሩ ብቻ ይውጣና ንብረት ክፍሉ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክረው። ቀጥሎ ስሙ ይታገድ እንጂ አይሰረዝ፤ የታገደ ባለቤቱ ሲጮኽ ይመለሳል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጠያቂ ሲጠፋ ይሰረዝ። በፓወርሼል የሚሠራ ባለሙያም «ቢደረግስ» የሚለውን መሞከሪያ ቃል ከትእዛዙ ጋር ቢጽፍ፥ ምንም ሳይነካ ሊሆን ያለውን አስቀድሞ ያያል።

ኮምፒዩተሩ በእጅ ካለም «ሪሙቭ ኮምፒዩተር» በሚለው ትእዛዝ ራሱን ከመረቡ ማስወጣት ይቻላል። ታዲያ አስቀድሞ የኮምፒዩተሩ የራሱ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል መታወቁ ይረጋገጥ፤ አለዚያ ቁልፉን ውስጥ ጥሎ በሩን እንደ መዝጋት ነው። ትእዛዙ ስሙን ከመዝገቡ ላይ ያግደዋል እንጂ አይሰርዘውም፤ የመጨረሻው ፊርማ ለሰው የተተወ ነው።

በክሊራንሱ ቅጽ ላይ «የኮምፒዩተሩ ስም ከሰርቨሩ ተነሥቷል» የሚል አንድ መስመር መጨመር ወጪ የለውም። ፈራሚው ግን ይታወቅ፤ ማንም ያልፈረመበትን ሥራ ማንም አይሠራውምና።