የተሰቀለው መርጃና የተዘነጋው የጨዋታ ሕግ፦ ከአካባቢ ቁሳቁስ ስለሚሠሩ የሕፃናት መማሪያዎች

ወደ ኦ ክፍል የሚገባ እንግዳ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው ወደ ላይ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሲባጎ ላይ ከካርቶን የተቆረጡ ቁጥሮች፣ በክር የተሰኩ የለስላሳ ቆርኪዎች፣ በነጭ ማዳበሪያ ላይ በቀለም የተጻፈ ፊደል፣ ከሃይላንድ ክዳን የተሠራ መቁጠሪያ ተንጠልጥለው ይታያሉ። መምህራን ከኪሳቸው አውጥተው፣ የዕረፍት ቀናቸውን ሠውተው ያዘጋጇቸው ናቸውና ድካማቸው የሚናቅ አይደለም። ይሁንና ቁመቱ ከአንድ ሜትር ብዙም የማያልፈው የስድስት ዓመት ሕፃን እነዚህን መርጃዎች ቀና ብሎ ከማየት በቀር ሊነካቸው አይችልም። ለመመረቂያ ጥናቴ ቅድመ ዳሰሳ ከገባሁባቸው ክፍሎች በአንዱ፣ ቆርኪዎቹ ወርደው ልጆቹ ቢጫወቱባቸው ምን ችግር እንዳለው መምህርቷን ጠይቄያቸው ነበር። «ገምጋሚዎች ሳያዩት ቢጠፋብኝስ?» አሉኝ። ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ወደ ሜዳ ሲወጡ፣ ሁለቱ ከኪሳቸው የየራሳቸውን ቆርኪ አወጡና መሬት ላይ መስመር አስምረው መጫወት ጀመሩ።

በአገራችን ከአካባቢ ቁሳቁስ ስለሚሠሩ የሕፃናት መማሪያዎች የሚሰጠው ሥልጠናም ሆነ የሚጻፈው ጽሑፍ በአመዛኙ የሚያወራው ስለ ቁሱ ነው። ርካሽ መሆኑ፣ በቅርብ መገኘቱ፣ አካባቢን አለመበከሉ ይወደሳል። ውዳሴው ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ቆርኪም ሆነ ጠጠር በራሱ የሚያስተምረው ነገር የለም፤ የሚያስተምረው ሕፃኑ ቁሱን በእጁ ይዞ የሚከተለው የጨዋታ ሕግ ነው። ሕጉን ሳንመረምር ቁሱን ብቻ ስናበዛ የምናፈራው የክፍል ጌጥ ነው የሚል አቋም አለኝ።

የችግሩን መነሻ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ፣ የኦ ክፍል አደረጃጀት በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ውስጥ በፍጥነት ተስፋፋ። ከዚያ በፊት አጸደ ሕፃናት በአብዛኛው የግል፣ የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ተቋማት ሥራ ስለነበር፣ ይህ መስፋፋት ለድኻ ልጆች የከፈተው በር ትልቅ ነው። ክፍሎቹ በተከፈቱበት ፍጥነት ግን መጫወቻ አልቀረበላቸውም። ክፍተቱን የሞላው «በአካባቢ ከሚገኙና ከወዳደቁ ቁሳቁሶች» የሚለው፣ በየሥልጠናው የምንሰማው ሐረግ ነው። ሐረጉ ስለ ምንጩ እንጂ ስለ አጠቃቀሙ አንዳች አይናገርም። በመሆኑም መርጃ «ተዘጋጅቷል» ወይስ «አልተዘጋጀም» ተብሎ ይቆጠራል፤ ማን ተጫወተበት፣ እንዴት ተጫወተበት የሚል ጥያቄ አይከተልም።

ሕግ ከቁስ ይበልጣል ስል ከስሜት ተነሥቼ አይደለም። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ አነስተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ቅድመ መደበኛ ሕፃናትን በሁለት ቡድን ከፍለው አጫወቱ። አንዱ ቡድን የተጫወተበት ሰሌዳ ከ1 እስከ 10 ቁጥሮች በአንድ ረድፍ የተጻፉበት ነበር፤ የሌላው ሰሌዳ ከቁጥር ይልቅ ቀለማት ያሉበት ነው። ጨዋታው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚፈጅ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ የተካሄደ ነበር። በቁጥሩ ሰሌዳ የተጫወቱት በመቁጠር፣ ቁጥርን በመለየት፣ የቁጥሮችን መጠን በማነጻጸርና ቁጥሮችን በመስመር ላይ በየቦታቸው በማስቀመጥ መሻሻል አሳዩ፤ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ በተደረገው ፈተናም መሻሻሉ አልጠፋም። ሁለቱ ሰሌዳዎች በቁስ ረገድ የሚለያዩበት ነገር አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የእነዚሁ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ ያንኑ የቁጥር ጨዋታ በክብ ሰሌዳ የተጫወቱት ሕፃናት በቀጥታ መስመር ከተጫወቱት ያነሰ እንደተማሩ አሳየ። ኤሊዳ ላስኪና ሲግለር እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ እርምጃ ጨመሩ። እስከ 100 ቁጥር በያዘ ሰሌዳ ላይ፣ ልጁ 14 ላይ ቆሞ ሁለት ቢደርሰው «15፣ 16» እያለ እንዲሄድ ሲደረግ ይማራል፤ «1፣ 2» እያለ ከሄደ ግን ያን ያህል አይጠቀምም። ሰሌዳው አንድ፣ ጠጠሩም አንድ ሆኖ፣ ልዩነቱ ከልጁ አፍ በሚወጣው ቃል ላይ ነው።

ይህን ይዘን የራሳችንን ጨዋታዎች ብንመለከት የሚገርም ሀብት እናገኛለን፤ ሀብቱ ግን በጅምላ የሚወደስ አይደለም። ገበጣን እንውሰድ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች ዘርዝረው መዝግበዋል። መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድና በጠጠር መጫወት ስለሚቻል ምንም አይገዛለትም፣ ምንም አይጣልበትም። ተጫዋቹ ከአንድ ጉድጓድ የዘገነውን በየጉድጓዱ አንድ አንድ እየጣለ ሲሄድ፣ አንድን ነገር ከአንድ ቦታ ጋር ማዛመድ የሚባለውን የመቁጠር መሠረት በእጁ ይለማመዳል። ነገር ግን ጉድጓዶቹ ስም የላቸውም፤ ጉዞውም እየዞረ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ክብ ሰሌዳን በተመለከተ ከላይ ከተጠቀሰው ግኝት ተነሥቼ ስገምት፣ ገበጣ ለማዛመድና አስቀድሞ ለማሰብ እንጂ የቁጥሮችን ቅደም ተከተልና መጠን ለማስያዝ የመጀመሪያ ምርጫችን ሊሆን አይገባም። «ባህላዊ ነው» ተብሎ ብቻ ወደ ክፍል የሚገባ ጨዋታ ካለ እንዲህ ያለው ጥያቄ አስቀድሞ ሊነሣበት ይገባል።

ሰኞ ማክሰኞ ለዚህ የተሻለ ነው። ልጆች በእንጨት መሬቱን ጭረው ሳጥኖች ይሠራሉ፤ ሳጥኖቹ በተከታታይ በሳምንቱ ቀናት ይጠራሉ፤ ጠጠር ወይም የሸክላ ስባሪ ወርውረው በአንድ እግር ይዘላሉ። ቅደም ተከተል ያለው፣ እያንዳንዱ ቦታ ስም ያለው፣ ልጁ በገዛ አካሉ የሚጓዝበት ሰሌዳ ማለት ነው። በቀናቱ ፋንታ ቁጥር ብንጽፍበት፣ ተመራማሪዎቹ በካርቶን የሠሩትን በመሬት ላይ እናገኘዋለን። መጨመር ያለበት አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ ጠጠሩ 4 ላይ ያለ ልጅ ሦስት ቤት እንዲሄድ ሲታዘዝ «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት» እያለ እንጂ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ አይዘልም።

ቅልልቦሽም ቸል የተባለ ሀብት ነው። በአምስት ጠጠር ሲጫወቱት አንዱ ወደ ላይ ይወረወራል፤ እስኪወርድ ድረስ የቀሩት አራቱ አንድ አንድ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻም አራቱ ባንድ ላይ ይለቀማሉ። አራት በስንት መንገድ እንደሚከፈል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ትምህርት በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አላየሁም። በእርግጥ የአምስት ዓመት ሕፃን ወርውሮ መቅለብ ይቸግረዋል፤ ጨዋታውም የታላላቆቹ ነው። ስለዚህ ውርወራው ቀርቶ ጓደኛው አንድ ጊዜ እስኪያጨበጭብ ድረስ እንዲለቅም ማድረግ ይቻላል። ጨዋታው ቢቀልም የመክፈሉ ሥርዓት አይጎድልም።

ከቁጥር ወደ ፊደል ስንሻገር ይኸው አመለካከት ያገለግላል። የፊደል ገበታችን 33 ዋና ፊደላት በሰባት ሰባት እርባታ ተሰልፈው 231 የሚሆኑበት ነው። ልጆቻችን «ሀ ሁ ሂ» እያሉ በዜማ ሲወርዱት አዳማጭን ያስደስታሉ፤ በመካከል አንዷን ፊደል ነጥለን ስንጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ተነሥተው ካላዜሙ አይደርሱባትም። ይህ «1፣ 2» እያለ ከሚሄደው ልጅ ችግር ጋር ይመሳሰላል። የሳምንቱ ቀናት ሰባት፣ የፊደሉ እርባታም ሰባት መሆኑ ደግሞ መልካም አጋጣሚ ነው። የሰኞ ማክሰኞውን ሰባት ሳጥኖች ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰይመን «ዛሬ የ‹ለ› ቤት ነው» ብንልና ጠጠሩ አምስተኛው ላይ ቢያርፍ፣ ልጁ ከመዝለሉ በፊት «ሌ» ማለት አለበት፤ ከ«ለ» መነሣት አይፈቀድለትም። ዜማው አንድ ቤት ያስከፍለዋል። ሕጉን የሚያስከብሩት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው፤ በጨዋታ ሕግ ከእነርሱ የበለጠ ጠንካራ ዳኛ የለም።

ስለ ቁሱ ምንም አይባል ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ላድርግ። «ከተፈጥሮ የተገኘ» ሁሉ ለሕፃን እጅ የተመቸ አይደለም። የጉሎ ፍሬ ዥንጉርጉርና ልጅን የሚስብ ቢሆንም ሪሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለበት፤ የብርብራ ፍሬ ዓሣን በመርዝ ለማጥመድ የሚያገለግል ነው። ሁለቱም ለመቁጠሪያነት ሊመረጡ አይገባም። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ታናናሾች በሚገኙበት ቤት ደግሞ ጠጠሩም ባቄላውም ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ሽምብራን ለመቁጠሪያ ስለመጠቀም የምለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ፊት ማስቀመጥ ተገቢ አለመሆኑን ነው፤ ቁጥሩም በየደቂቃው ይቀንሳል። ስለ አካባቢ ካነሣን፣ ለግምገማ ሳምንት ተብሎ የሚገዛው ካርቶን፣ ማርከር፣ ፕላስተርና ሙጫ ከግምገማው በኋላ የሚደርስበትን ማሰብ ይበቃል። በዘይት ቀለም የተጻፈበት ማዳበሪያ በፀሐይ ሲሰባበር ቃጫው በቅጥሩ ይበተናል። መሬት ላይ ተጭሮ በነፋስ የሚጠፋ ሰሌዳ ግን ቆሻሻ አይተውም፤ በማግስቱ ልጆቹ እንደገና ሲሥሉት ቁጥሩን ዳግም ይጽፉታል።

በዚህ አቋሜ ላይ ከባልደረቦቼ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው የተማሪ ብዛት ነው። አንድ መምህር በተጨናነቀ ክፍል ሁሉንም ማጫወት አይችልም ይባላል። እውነት ነው፤ በክፍል ውስጥ አይችልም። ሜዳው ግን በአብዛኛው ትምህርት ቤቶቻችን ከክፍሉ ይሰፋል፤ ታላላቅ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያለማምዱበት የልጅ ለልጅ መርሐ ግብርም በፖሊሲ ማዕቀፉ የታወቀ አሠራር ነው። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሰኞ ማክሰኞን ለማጫወት ሥልጠና አያስፈልገውም፤ «ከቆመበት ይቁጠር» የሚለውን አንድ ሕግ መንገር ይበቃል። ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። ወላጆች የልጃቸውን ደብተር ገልጠው ባዶ ሲያገኙት «ሲጫወት ነው የዋለው» ብለው ያዝናሉ። ወላጆቹን አላዋቂ ማለት ግን ተገቢ አይመስለኝም። ልጃቸው የተማረውን የሚያዩበት ሌላ መስኮት ስላልሰጠናቸው ደብተሩን ያያሉ። በወር አንድ ጊዜ ወላጆች ሜዳ ላይ ቆመው ልጃቸው ከ«ሌ» ሳጥን ሲነሣ ቢያዩ፣ ብዙዎቹ ጨዋታውን ስለሚያውቁት ማብራሪያ እንኳ የሚያሻቸው አይመስለኝም።

ከወረዳ እስከ ትምህርት ቤት የሚሠራባቸው የግምገማ ቅጾች ላይ «የተዘጋጁ መርጃ መሣሪያዎች ብዛት» የሚለው ረድፍ ተሰርዞ፣ «ገምጋሚው ባለበት ሕፃናት የነኳቸውና የተጫወቱባቸው» በሚል ቢተካ፣ የጠቀስኳቸው መምህርት ቆርኪዎቹን በማግስቱ ያወርዱ ነበር።

ለእኛ ለተመራማሪዎቹ የሚቀረው ሥራ ደግሞ ሰፊ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ግኝቶች በእንግሊዝኛ ከሚቆጥሩ ልጆች የተገኙ ናቸው። አማርኛ «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት» እያለ አሥርን ከአንድ ጋር ገልጦ ስለሚቆጥር፣ የእንግሊዝኛው 11 እና 12 ደግሞ ይህን ስለሚሸሽጉ፣ ውጤቱ በእኛ ልጆች ላይ አንድ ዓይነት ይሆናል ብሎ መገመት አይቻልም፤ ምናልባትም ከአሥር እስከ ሃያ ባለው ክፍል የእኛዎቹ ይፈጥኑ ይሆናል። ገበጣና ሰኞ ማክሰኞን ጎን ለጎን አቅርቦ፣ አንዱን ቡድን ከቆመበት፣ ሌላውን ከአንድ እያስቆጠሩ ለሁለት ሳምንት ማጫወትና ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ተመልሶ መፈተን በአንድ የማስተርስ ጥናት አቅም የሚከናወን ነው። ለፈታኞቹ መጓጓዣ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የቁሳቁስ ወጪው ግን አንድ እሽግ ጠመኔ ነው፤ መሬቱ ለስላሳ በሆነበት ትምህርት ቤት እሱም ይቀራል።