ሲፕሮውን ከማውረዳችሁ በፊት ጠይቁን
ለአዲስ አበባ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣

የ78 ዓመቷ እናቴ ሽንት ሲያቃጥላት ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ያቺን ኪኒን ብቻ ግዛልኝ»። ያቺ ኪኒን ሲፕሮ ናት። የምትገኘውም ከእናንተ ዘንድ ነው፣ ያለ ማዘዣና ያለ ጥያቄ። ሕመሙ ጥቂት ሳምንት ፋታ ይሰጣትና ይመለሳል።

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንደማይሸጥ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ሕግ ልጠቅስባችሁ አልተነሣሁም። ደንበኛ እንደሚያስቸግራችሁ፣ ብትከለክሉት ከማዶው መደብር ገዝቶ እንደሚሄድ፣ የቤት ኪራዩም ወር ጠብቆ እንደሚመጣ አይጠፋኝም። የምለምናችሁ በሙያችሁ ነው።

እናቴ ስኳር አለባት፤ ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። ባለፈው ክረምት ከአንድ መድኃኒት ቤት የተገዛላትን ሲፕሮ በጀመረች ማግስት ሌሊት ላይ በላብ ተጠምቃ፣ የምትናገረው እየተምታታባት አገኘናት። ጎረቤት «እርጅና ነው» አለ። ስንለካው ስኳሯ ወርዷል። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ሲወሰዱ፣ በተለይ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ፣ ስኳርን ክፉኛ ሊያወርዱ ይችላሉ። ይህን ከእናንተ የሚያውቅ ብዙ ነው። ያን ቀን የጎደለው «እናት የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ነበር። የጅማቱንም ነገር አትዘነጉትም፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እነ ሲፕሮ ጅማት ሊበጥሱ እንደሚችሉ፣ ከ60 ዓመት በላይ ባለ ሰው ላይ ደግሞ ስጋቱ እንደሚብስ በ2008 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚቆጨኝ የካልቸሩ ጉዳይ ነው። ሐኪሟ የሽንት ካልቸር አዘዘች፤ ውጤቱ ባዶ መጣ። ኪኒኑ ቀድሞ ስለተዋጠ ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ አልበቅል አለ እንጂ ሕመሙስ አልተነቀለም ነበር። በጨለማ ከምታክማት ሐኪሟ ታግሣ ጠበቀች። ማቃጠሉ ሲመለስ አንድም ፍሬ ሳትውጥ ሽንቷን ሰጠች፤ ኢ. ኮላይ በቀለ፣ ሲፕሮም እንደማይገድለው ታወቀ። ኩላሊቷ ደህና ስለነበር ናይትሮፉራንቶይን ታዘዘላት። ያኔ ነው ገና ለምን እንደሚመላለስባት የጠየቀ ሰው የተገኘው። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ከተቋረጠ በኋላ ኢስትሮጅን ስለሚቀንስ ከብልት አካባቢ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ይሳሳሉ፤ ጎጂዎቹ መንገድ ያገኛሉ። በብልት የሚቀባ የኢስትሮጅን ቅባት ምልልሱን ይቀንሳል። ከሸናች በኋላ ፊኛዋ ውስጥ ሽንት ይቀር እንደሆነም በአልትራሳውንድ ታየላት። ይህ ሁሉ ከመደርደሪያ የሚወርድ ነገር አይደለም።

ሐኪሟ የነገረችንን አንድ ነገር እናንተም ብትነግሩልን እወዳለሁ፤ ሽንት ስለሸተተ ወይም ስለደፈረሰ ብቻ መድኃኒት አይጀመርም። ብዙ አረጋውያን እናቶች ምንም ሳያማቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል፤ ያንን ማከም አይጠቅማቸውም። እናቴ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ ስትውል ሽንቷ ይጠቁራል፣ ይሸታልም። ለዚያ የሚያስፈልጋት ውሃ ነው። (ንስሐ አባቷ ጠጪ ቢሏት እኔን ከማዳመጥ ይልቅ እሳቸውን ትሰማለች፤ ይህ ግን የሌላ ደብዳቤ ጉዳይ ነው።)

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለአረጋዊ ሰው ሲፕሮ ስንጠይቃችሁ ዕድሜውን፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ ጠይቁን። ከተመላለሰበት ኪኒን ከመሸጥ ይልቅ ካልቸር ሳይሰጥ እንዳይውጥ ንገሩን። ዐሥር ፍሬ መግዛት ላቃተው አምስት ቆጥራችሁ አትስጡት። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ውጋት ወይም ድንገት መቃዠት ካለ ደግሞ ብለምናችሁም፣ ብቆጣችሁም አትሽጡልኝ፤ ሆስፒታል ውሰዳት በሉኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
እናቱን የሚያስታምም ልጅ