ርዕሰ አንቀጽ፦ ወረቀቱ እስኪያልቅ ልጅ ቤት አይዋል

ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ፈረንሳይ የሚመጡ ወገኖቻችን በየጊዜው ሰፈራችንን ይቀላቀላሉ። እንኳን ደህና መጣችሁ እንላለን። ዳሩ ግን ቤት ሲፈለግ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠበቅ፣ ልጆቹ ሳምንታትን አልፎም ወራትን ያለ ትምህርት ሲያሳልፉ እናያለን። ወላጆችን ስንጠይቅ «ወረቀቱ ይለቅና እናስገባቸዋለን» ይሉናል። ይህ አባባል የሚጎዳው ልጆቹን ስለሆነ ዛሬ በግልጽ ልንነጋገርበት ይገባል።

የአገሩ ሕግ ምን ይላል? ከ2019 ወዲህ ከ3 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ የመማር ግዴታ አለበት። ግዴታው በዜግነትም ሆነ በመኖሪያ ፈቃድ አይለይም። የመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ ነው። ልጅ ሲመዘገብ የወላጅ የመኖሪያ ፈቃድ ሊጠየቅ አይገባም። የሚያስፈልገው የልጁ ማንነትና ወላጅነታችሁ የሚታወቅበት ማስረጃ፣ የምትኖሩበት አድራሻና የክትባት ካርድ ነው። ክትባቱ ቢጎድል እንኳ ልጁ ለጊዜው ገብቶ በ3 ወር ውስጥ ይሟላል። «አይሆንም» የሚል ሠራተኛ ቢያጋጥማችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ፤ እምቢታውን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ለትንንሾቹ የሚኬደው ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ማለትም ወደ ሜሪ ነው። ለኮሌዥና ለሊሴ የደረሱት ግን በቅድሚያ ካስናቭ በሚባለው ክፍል በኩል ይፈተናሉ። ፈተናው ልጁን ለመጣል አይደለም፤ በመጣበት ቋንቋ ምን ያህል እንደተማረ ለማወቅ ነው። ስለዚህ የአገር ቤቱን የትምህርት ማስረጃ «እዚህ ምን ያደርጋል» ብላችሁ አትጣሉት። ልጁ እኩዮቹ ካሉበት ክፍል ገብቶ፣ ጎን ለጎን ለአዲስ መጪዎች በተቋቋመ ክፍል ፈረንሳይኛ ይማራል። በ2012 የወጣው መመሪያ ለአንደኛ ደረጃ በሳምንት ቢያንስ 9 ሰዓት፣ ለሁለተኛ ደረጃ 12 ሰዓት ይላል። ይህ ክፍል በየትምህርት ቤቱ ስለማይገኝ የት እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

በተለይ በእኛ ላይ የሚደርስ አንድ ጣጣ አለ፤ እሱም የዘመን አቆጣጠር ነው። እዚህ አገር የልጅ ክፍል የሚወሰነው በፈረንጆች የልደት ዓመት ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2009 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በእነሱ ዲሴምበር 31 ቀን 2016 ተወለደ ማለት ነው፤ በማግሥቱ የተወለደው ግን የ2017 ልጅ ይባላል። በአንድ ቀን የሚበላለጡ ልጆች በክፍል አንድ ዓመት ይራራቃሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ቀኑ በጥድፊያ ተገልብጦ አንዱ ወረቀት ላይ እንዲህ፣ ሌላው ላይ እንዲያ ከተጻፈ በኋላ ማስተካከሉ አበሳ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት አስቆጥሩ።

ሌላው የቋንቋ ነገር ነው። «ፈረንሳይኛ ቶሎ እንዲይዝ» ተብሎ ቤት ውስጥ አማርኛ የሚከለከል ልጅ አለ። ኧረ ተዉ! ፈረንሳይኛውን ከአስተማሪውና ከጓደኞቹ ይለምደዋል፤ አማርኛውን ግን ከእናንተ በቀር ማን ይሰጠዋል? ቋንቋ ስላወቀም በሐኪም ዘንድና በየቢሮው አስተርጓሚ አድርጋችሁ ከክፍሉ አታስቀሩት። ለዚህ እኛ ጎረቤቶቹ አለን።

በመጨረሻም ነገሩ የወላጆች ብቻ አይደለም። ፈረንሳይኛ የምትችሉ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ አንድ ጧት ከአዲስ መጪ እናት ጋር ሜሪ ድረስ መሄድ ምን ይከብዳል? ቡና ስትጠጡም «ልጆቹስ ተመዘገቡ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀት ቢዘገይም አንድ ቀን ይመጣል። ልጁ ቤት የዋለበት ዓመት ግን አይመለስም።